የቅዳሜው ጠረጴዛና የወይዘሮ ብርቄ ቆሎ

«ባልሽን ያዢልኝ!» አለች ዘውዲ፣ በሩን ገና ከፍቼ ሳልጨርስ። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የእኔን ሰውዬ ሥጋ ቤት ጎልቶ የሚያስመሽብኝ ያንቺው ረታ ነው። ንገሪው፤ እኔም ቤት አለኝ፣ እኔም ባል አለኝ!»

ዘውዲ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሳትኳኳል ቆሻሻ እንኳ ልትደፋ የማትወርድ ሴት ናት። ያን ቀን ግን አንድ እግሯ ላይ የራሷ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ላይ የልጇ ነበር። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ከንግግሯ ይልቅ ከጫማዋ ነው።

«የትኛውን ረታ?» አልኳት።

«ስንት ረታ አለሽ?»

«አንድ። እሱም ይኸውልሽ።» በሩን ወለል አደረግሁላት። ባሌ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ አፉንም ከፍቶ፣ ሶፋው ላይ ተዘርሯል። ምሳውን ቤቱ በልቶ ነው የተኛው። ያለፈውም ቅዳሜ እንዲሁ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረውም።

ዘውዲ የረታን እግር አየች። ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። እንደ ምስክር ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ዘርአይ የት ነው?» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

«እኔማ አንቺ ዘንድ መስሎኝ! ዘርአይ ቀረ፣ ጠረጴዛው ተበተነ እያለ ረታ ሲነጫነጭ ነው የከረመው። ‹ሚስቱ ከለከለችው› ብዬ አንቺን ሳማሽ ነበር።»

«ለእኔ ደግሞ ‹ቅዳሜን ታውቂው የለ፣ ከነረታ ጋር ነኝ› ነው የሚለኝ።»

ተያየን። ከዚያ ዘውዲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤ ረታ እንዳይሰማ ነው መሰለኝ፣ ረታ እንኳን እሷን ነጎድጓድም አይሰማ።

«ሸሚዙ» አለችኝ። «ሸሚዙ ሥጋ ሥጋ መሽተት ካቆመ ቆይቷል። ጽጌረዳ ጽጌረዳ ነው የሚሸተው።»

እዚህ ላይ ስለ ጠረጴዛው ካልነገርኳችሁ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም።

ዘርአይ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ውጭ ያለ የአንድ ድርጅት መጋዘን ኃላፊ ነው። አበባ ከየእርሻው ይመጣል፣ እዚያ ይታሸጋል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ አውሮፕላን ላይ ይወጣል። ረታ እዚያው ካርቶን ከሚያስሩት ነባሮች አንዱ ነው። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ዘርአይ፣ ረታና ሌሎች ጥቂት ወንዶች ወሎ ሰፈር ወዳለች አንዲት ሥጋ ቤት ይሄዳሉ። ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ የእነሱ ነው። ዘርአይ ከራስጌ፣ ረታ በቀኙ። ቁርጡ ይመጣል፣ አዋዜው ይመጣል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃም አብሮ ይመጣል። ማን ማለዳ ይግባ፣ ማን ሌሊት፣ ማን ለበዓል ይረፍ፣ አበባው የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ማን ይዋል። ያንን ክፍል ሠራተኞቹ «ፍሪጁ» ይሉታል። ሰኞ ጠዋት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ድልድል ቅዳሜ ከአዋዜው ጋር ያለቀ ነው።

እኔ ሥጋ ቤቱ ውስጥ እግሬን አግብቼ አላውቅም። ወንበር ግን ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት «በሚቀጥለው ሳምንት የእህቴ ልጅ ክርስትና አለ» እለዋለሁ ረታን። ማታ ሥጋውንም ፈቃዱንም ይዞልኝ ይመጣል፤ ሁለቱንም በአንድ ፌስታል።

ደግሞ በዚያው ሰሞን የፈረቃ ኃላፊው ዱባይ ሄዶ ቦታው ክፍት ነበር። የድርጅቱ ባለቤት «የምትፈልገውን ሰው አንተ አቅርብልኝ» ብሎታል ለዘርአይ። ጠረጴዛው ደግሞ ረታ ነው ብሎ ከወሰነ ቆይቷል። እኔም ለሕንፃው ሁሉ፣ ከምድር ቤት እስከ ጣራ፣ ነግሬ ጨርሻለሁ። ደረጃው ሥር ቆሎ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ቆሎ የገዛ ሁሉ ዜናውን በምርቃት ነው የወሰደው።

እና ዘውዲ «ጽጌረዳ» ስትለኝ እሷ የፈራችው ሴት ነው። እኔ የፈራሁት ሌላ ጠረጴዛ ነው። ሰው ከሚስቱ ቢሸሽ የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ከረታ ሸሽቶ ከማን ጋር ነው የሚበላው? በረታ ቦታ፣ በቀኙ፣ ማን ተቀምጧል? እውነቱን ልናገርና ከሁለታችን አብልጬ የቀናሁት እኔ ነኝ።

«ጫማሽን ቀይሪና እንሂድ» አልኳት።

ሱቄን ቆለፍኩ። ኢምፔሪያል ድረስ በእግር፣ ከዚያ በታክሲ። እኔ አንዳንዴ ላጽናናት ስል «ምናልባት ሽቶ ቀይሮ ይሆናል» እላለሁ፤ ረዳቱም ዞሮ ያየናል።

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ዘበኛ ያውቀኛል፤ ለረታ ምሳ አደርሳለሁ።

«እትዬ አዝመራ፣ ረታ እኮ ወጥቷል» አለኝ።

«እሱን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«አበባ ልናይ» አለች ዘውዲ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ማየቱን አየን። የጭነት መኪኖቹ በሚቆሙበት ጥላ ሥር ሰዎች የአበባ ሳጥን ገልብጠው፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ወፍራም ጃኬት የለበሱት የፍሪጁ ሴቶች አሉ። ፎርክሊፍት የሚነዳው አብዱራሕማን አለ። ዘርአይም አለ። ከሁሉ ዝቅ ያለችው ሳጥን ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ፣ ትከሻው ላይ የረገፈ ቀይ የአበባ ቅጠል እንደ ማዕረግ ተለጥፎበት፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የቆመችውና የምትናገረው አንዲት ልጅ ናት።

ቢሊሴ። የኦቦ ሆርዶፋና የወይዘሮ ብርቄ ልጅ።

ኦቦ ሆርዶፋን እኛ ሰፈር የማያውቅ የለም። ሕንፃችን የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። አሁንም በዚያ ሲያልፉ ሱቄ ጋ ቆም ይላሉ። «አዝመራ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት የበሬዎቼ መዋያ ነበር» ይሉኛል። «ታዲያ ይኸው እኔ ውዬበታለሁ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ቆሎ እዘግንላቸዋለሁ፤ ይሄዳሉ። ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ደግሞ አንድ ዕድር ውስጥ ነን። ልጅቷ ተምራ እዚያ መጋዘን መግባቷን አውቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ፍሪጁ ውስጥ እንደምትውልም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚጠይቀው የራሱን ነዋ።

«እሺ፣ በዚህ ሳምንት ማን ምን አለበት?» ትላለች ቢሊሴ።

«እኔ ዓርብ ለጁምዓ» አለ አብዱራሕማን።

«እሱ ተይዟል። አንቺስ?»

«ሕፃኑን ማስከተብ አለብኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

«ማን ይተካታል?»

አንዷ እጇን አወጣች። አለቀ። ወደሚቀጥለው ሄደች። ዘርአይ አንድ ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቢሊሴ ዞር ብላ አየችው። የከፈተውን አፍ ቆሎ ጨመረበትና ዘጋው።

ዘውዲ ክንዴን ያዘችኝ። አለቀሰች ስል ሳቋን ልትውጥ ነው። «አዝመራዬ» አለችኝ፣ «ተጋብተን ስንኖር አንድ ቀን እንደዚህ ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። አሁን ገና ቀናሁ።»

የዘውዲ ቅናት እዚያው በር ላይ ቀረ። የእኔው ግን ከእኔ ጋር ታክሲ ተሳፍሮ ተመለሰ። ምክንያቱም ቆሎውን አይቼዋለሁ። መሐላቸው ሰፌድ ሙሉ ቆሎ ይዞራል። ሽምብራው አብጦ፣ ገብሱ እኩል ቀልቶ፣ ሱፉ ጣል ጣል ብሎበት። ከሩቅ ነው ያወቅሁት፤ የወይዘሮ ብርቄ እጅ ነው። ያ ዘርአይ፣ ለስንት ዘመን ማታ ሲገባ የእኔን ቆሎ በኪሱ ይዞ ደረጃ ሲወጣ የኖረው ሰውዬ! እኔስ ለምን ሰሞኑን መግዛት ተወ እያልኩ ጥርሱን አሞት ይሆናል ብዬ አዝኜለት ነበር።

ቢሊሴ አየችንና «እትዬ ዘውዲ! እትዬ አዝመራ! ግቡ እንጂ፣ ቆሎ ቅመሱ» ብላ ሰፌዱን ራሷ አመጣችልን። ዘገንኩ። መጥፎ እንዲሆን ጸልዬ ነበር። አልሆነም።

ዘርአይ ከሳጥኑ ላይ ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለገው። «ምነው፣ በሰላም ነው?» አለ ደንግጦ።

«ሸሚዝህን ልናይ መጥተን ነው» አለችው ሚስቱ፣ ቅጠሉን ከትከሻው እያነሳች። «እኔን ሥጋ ቤት ነኝ ብሎ እዚህ ሳጥን ላይ ቁጢጥ! ምን ያስዋሻል ይኼ?»

«ሥጋ ቤት ነኝ አላልኩም። ‹ቅዳሜን ታውቂው የለ› ነው ያልኩት።»

«ከነረታ ጋርስ?»

«ይመጣሉ ብዬ ነበር» አለ፣ እያየኝ።

ቤት ገብቼ ረታን ቀሰቀስኩት።

«ጠረጴዛችሁን ማን ነው ያፈረሰው?»

«አብዱራሕማን» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። እሱ እኮ ነው ችግሩ።»

ቁጭ ብሎ ነገረኝ። አንድ ዓርብ ቀን ዘርአይ ፎርክሊፍት ፈልጎ ሲዞር አብዱራሕማንን ካርቶን ኋላ ለብቻው ሲሰግድ ያገኘዋል። እስኪጨርስ ይጠብቅና «ለምን መስጊድ አልሄድክም?» ይለዋል። «ፈረቃዬ ነው።» «ሁሌ ዓርብ?» «ሁሌ ዓርብ።» «ታዲያ ቀይሩልኝ አትልም?» አብዱራሕማን ሳቅ ይልና «የት ሄጄ ልበል፣ አለቃ? እናንተ የምትጨርሱት ሥጋ ቤት ነው» ይለዋል።

«ይኸው ነው?» አልኩት ረታን።

«ይኸው ነው። ዘርአይ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልሆነም። እየዞረ ይጠይቃል። የፍሪጁን ሴቶች ‹ለምን ሁልጊዜ እናንተ?› ይላቸዋል። እነሱም ‹እኛ ምን እናውቃለን፣ ሰኞ ተለጥፎ እናገኘዋለን› ይሉታል። ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ሥጋ ቤት ጋበዘ!»

«ሁሉንም?»

«መጋዘኑን ሙሉ! ወንበር ከጎረቤት ተለመነ። እንግዲህ አስቢው። አብዱራሕማን የክርስቲያን ሥጋ አይበላ። ቢሊሴና ሦስቱ ሴቶች ጽጌን ይጾማሉ። ጴንጤዎቹ ከመጠጡ የሉበት፣ ሥጋውንም ሌላው ሳይበላ አንነካም አሉ። ሁሉም አምቦ ውኃ ይዘው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ እኛ አራት ወንዶች ስንጎርስ ያዩናል። ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ አዝመራ። ባለ ሥጋ ቤቱ ያንን ሁሉ ወንበርና ያንን ሁሉ ዝምታ አይቶ ‹ይቅርታ፣ ሠርግ ነው ሐዘን?› አለን።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ዘርአይ ዓይኔ ላይ መጥቶብኝ ነው። ስንት የተማረ ሰው፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ ሰውን ሁሉ ላቅርብ ብሎ ቁርጥ ያዘዘ! ከዚያ ወዲያ ሒሳቡን ከፍሎ ተነሳ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ድጋሚ አልተቀመጠም። የፈረቃው ንግግር ወደ መጋዘኑ ጥላ መጣ፤ ሁሉም የሚበላው ነገር ሲፈለግ ደግሞ ቢሊሴ የእናቷን ቆሎ አመጣች። ረታና ጓደኞቹ «ሳጥን ላይ ተቀምጠን ቆሎ አንቆረጥምም» ብለው ቤታቸው ገቡ።

«እና የፈረቃ ኃላፊነቱስ?» አልኩት። ሳቄ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

«እሱማ የእኔ ነው» አለና ተመልሶ ተኛ።

የእሱ አልሆነም። የድርጅቱ ባለቤት መጥቶ «ማንን አቀረብክ?» ሲለው ዘርአይ «ቢሊሴን» አለ። ረታ ካርቶን እያሰረ በጆሮው ነው የሰማው።

«ረታ አልነበር እንዴ ጓደኛህ?» አለ ባለቤቱ።

«ጓደኛዬማ ረታ ነው» አለ ዘርአይ። «የጠየቅከኝ ግን ጓደኛዬን አይደለም። እሷ ያልቻለች እንደሆነ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

በዚያ ቀን ማታ ዘርአይ ሱቄ ጋ መጣ። ዓይኔን አላነሳሁም።

«ደህና አመሸሽ አዝመራ። እስቲ ቆሎ።»

«አልቋል።»

ፊቴ የተቆለለውን ቆሎ አየ። «ይኼስ?»

«ታዟል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ደግሞ ለእርስዎ ከእኛ ቆሎ የተሻለ የሚያመጣልዎ አለ አሉ።»

ሳቁ መጣበት፤ ያዘው። እንደ መሄድ ብሎ ተመለሰና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ በዚያ በደህና ሱሪው። እኔም ያን ጊዜ አፌን ለቀቅሁት።

«አቶ ዘርአይ፣ ረታ ምን አጠፋ? አልሠራም? ሰክሮ ገብቶ ያውቃል? ከቀኝዎ ተነስቶ ያውቃል?»

«ረታ ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»

«ታዲያ?»

«እሷም ጎበዝ ናት። ፍሪጁ ውስጥ አንድ አበባ ሲጠወልግ ማን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ? እሷ ናት። ማን እንደሚመሰገን ታውቂያለሽ? ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው። ስለ ረታ ጠረጴዛው ሙሉ ይናገር ነበር፤ እኔ፣ የእኔ ጓደኞች፣ ቤት ደግሞ አንቺ። ስለ እሷ ማን ይናገር ነበር?»

«አሁን ስለ ረታ ማን ሊናገርለት ነው?»

«አንቺ አለሽለት። ከአንድ መጋዘን ሰው ትበልጫለሽ።»

ልስቅ ስል ራሴን ያዝኩ። ቅናት ሲይዝ ሳቅም ሽንፈት ይመስላል።

ዘውዲ ከላይ በረንዳ ላይ ሆና ትሰማን ኖሯል። «አዝመራዬ» አለች ወደ ታች፣ «ያኔ በዚያ በክፉ ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ እሱ ከሥራ ‹ለጊዜው ቤትህ ተቀመጥ› ተብሎ በተቀመጠበት ወራት፣ ጠረጴዛው ተዘግቶ ነበር እንዴ?»

«ዘውዲ፣ ተይው» አላት ባሏ።

«መጠየቄ ነው።»

«አልተዘጋም» አልኩ። እንዳልተዘጋ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ፌስታሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር።

«ያንቺን ሰሃን አልረሳሁም፤ ሳትሰለቺ ይዘሽልን ትወጪ ነበር። ጠረጴዛው ግን ‹ዘርአይስ?› አላለም። አንዱም። ሲመለስ ወንበሩን ሳቡለት፣ ተቀመጠ፣ ቀጠሉ። እንደማይዋሸኝ እያወቅሁ ሸሚዙን የማሸትተው ለምን ይመስልሻል? የሚያመውን አይናገርማ።»

ዘርአይ ጫማውን እያየ ነበር። ሰው እንደዚህ ሲሆን እኔ መጨከን አይሆንልኝም። አንድ እፍኝ ቆሎ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

«ታዟል አልነበር?» አለኝ።

«ያዘዘው ሰው ቀረ» አልኩት።

ቅናቴ ግን በዚያ አለቀ እንዳትሉኝ። እንዲያውም ባሰበት። ቢሊሴ ጠዋት በሱቄ በኩል ስታልፍ አረማመዷ ተለውጦ ይታየኛል፤ የተለወጠው አረማመዷ ሳይሆን የእኔ ዓይን ይሆናል። ወይዘሮ ብርቄ ዕድር ላይ «ልጄ አለቃ ሆነች» ብላ ሳትጨርስ ሴቶቹ እልል አሉ። ያ እልልታ የእኔ ነበር። ለረታ ብዬ ለሕንፃው ሁሉ አስይዤው፣ ሌላ ሰው ደጅ ሄዶ ፈነዳ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ እኔም አብሬ እልል ማለቴ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

ረታ ግን እልል አላለም። ቢሊሴ ኃላፊ ሆና የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትደርስ ሸሚዙን ተኩሼ «ሂድ፣ ከነሱ ጋር ተቀመጥ» አልኩት።

«ሳጥን ላይ?»

«ዘርአይ ተቀምጦ የለ?»

«ዘርአይ ስለሚችል ነው። እሱ ሳጥን ላይ ሲቀመጥ ትሕትና ይባላል። እኔ ስቀመጥ ካርቶን አሳሪ ሳጥን ላይ ተቀመጠ ነው የሚባለው።»

ይቺን ንግግሩን ብዙ ቀን አሰብኳት። ሐሰት አይደለችም። ያን ጊዜ ግን «እንግዲያውስ የትም ግባ» አልኩት።

ወሎ ሰፈር ገባ። ሌሎቹ ጓደኞቹ ተንሸራተው ወደ ሳጥኑ ሄደው ኖሯል፤ እሱ ያችን የጥግ ጠረጴዛ ብቻውን ይዞ፣ ብቻውን ቆርጦ፣ ብቻውን ጎርሶ ተመለሰ። በፌስታሉ ውስጥ ሥጋ ነበር። ከሥጋው በስተቀር ምንም አልነበረም።

ሰኞ ማታ ሲገባ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አፍንጫው ቀልቷል። ጋቢ ደረብኩለት፣ ሌላ ጋቢ ደረብኩለት፤ ያም ሆኖ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«ምን ሆነሃል?»

«ፍ-ፍ-ፍሪጁ» አለኝ።

እስኪሞቀው ጠብቄ አወጣጣሁት። ቅዳሜ እነሱ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ፍሪጁ ከእንግዲህ የሴቶቹ ብቻ አይሆንም፣ ሁሉም በየተራ ይገባበታል ብለው ተስማምተዋል። አብዱራሕማንም፣ ራሷ ቢሊሴም ተራ ይዘዋል። ሁሉም የሚመቸውን ሳምንት እየተናገረ ሲወስድ ማንም ያልፈለጋት የመጀመሪያዋ ሳምንት ተረፈች። እዚያ ያልነበረው ረታ ብቻ ነው። የተረፈው ላልነበረው ደረሰ።

«ጃኬትስ አይሰጡም?» አልኩት።

«ሰጥተውኛል። የሴት ነው። እጅጌው እዚህ ድረስ ነው» አለኝ፣ ክርኑን እያሳየ።

የእኔ ባል፣ የዘርአይ ቀኝ እጅ፣ በሴት ጃኬት ከጽጌረዳ ጋር ሲቀዘቅዝ ዋለ! በማግስቱ ማታ ሱቄን ሳልዘጋ ጠበቅኋት። ቢሊሴ ከኢምፔሪያል በኩል በእግሯ መጣች፤ ደክሟታል፤ እጅ ነስታኝ ልታልፍ ስትል ጠራኋት።

«ነይ እስቲ፣ አለቃ።»

«ኧረ እትዬ አዝመራ፣ ቢሊሴ ይበሉኝ።»

«ነይ፣ ቆሎ ቅመሺ። ያው እንደ እናትሽ ባይሆንም።»

ዘገነች። ቆረጠመች። እኔ አፏን አያለሁ።

«ይጣፍጣል» አለች። «እማዬ ገብሱን ታሳርረዋለች፣ እንዳይነግሩብኝ እንጂ።»

እንዲህ ያለችኝ ሰው ላይ መቆጣት እንዴት ይከብዳል! ቢሆንም የጠራኋት ለምን እንደሆነ አልረሳሁም፤ ረታ ፎቅ ላይ ሲያስል እስከ ታች ይሰማል።

«ልጄ፣ ስሚኝ። ያ ሰውዬ ሲያስል ይሰማሻል? ወገቡንም ያመዋል። እዚያ ብርድ ውስጥ የሚቆየው እስከ መቼ ነው? ይኼን የሚያይ፣ የሚጠይቅለት ሰው የለም?»

ቢሊሴ እጇ ላይ የቀረችውን አንድ ሽምብራ አገላብጣ አየቻት። አፏ ውስጥ ጣለቻት። ቀስ ብላ ቆረጠመች።

«እኔም ያኔ ፍሪጁ ውስጥ ሳለሁ እንደዚሁ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ እትዬ አዝመራ።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«‹ቅዳሜ ሥጋ ቤት እንነጋገርበታለን› አሉኝ።»